የስልኩ ዋስ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ዕቃ እፈትናለሁ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይስቃል። ይሳቅ! ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ሥራ ካለ እስካሁን አልነገሩኝም። አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ሬዲዮ ከነካርቶኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ልቤ ይዘላል። ላስቲኩን ስገፈው፣ ክዳኑን ስከፍተው፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጠው፣ ምሳ መብላቴን እንኳ እረሳለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምህረት ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ «እስኪ እንየው» የሚባል ፕሮግራም ነበረኝ። በየሳምንቱ አንድ ዕቃ እፈትንና በመጨረሻ ከሦስት ፍርድ አንዱን እሰጣለሁ፤ ግዙት፣ ቆዩ፣ ተዉት። «ትዝታ ዛሬ ምን ልትል ይሆን?» እየተባለ በየሻይ ቤቱ ሬዲዮ ከፍ እንደሚደረግ አውቃለሁ። መጽሔቶቹ ስለ ስልክ ካሜራና ስለ ስክሪን ይጽፋሉ። የእኛ አገር ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። በሬ እየነዳሁ ስጠራ እሰማዋለሁ ወይ? የነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ይውላል ወይ? አውድማ ላይ ገለባ ቢገባበት ይሞታል ወይ? እኔም እንደዚያው እፈትን ነበር። ጣራ ገዳም ለንግሥ ከሚወጣው ሰው ጋር ዳገቱን እየወጣሁ የኔትወርኩን መስመር ቆጥሬያለሁ። ስልክ በላስቲክ ጠቅልዬ ጤፍ ውስጥ ቀብሬ ደውዬለታለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን የባትሪው ነበር። ያኔ መብራት ያልገባበት ቀበሌ ብዙ ነው። ገበሬው ለገበያ ሲወጣ ስልኩን ባትሪ ለሚሞላ ሱቅ ይሰጣል፣ ገበያውን ይገበያያል፣ ሲመለስ የሞላ ስልኩን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። ባትሪው እስከሚቀጥለው ገበያ ካላደረሰው ስልኩ ድንጋይ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው መለኪያዬ ይህ ነበር፤ ከገበያ እስከ ገበያ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

በዚያ ዓመት አንድ ስልክ መጣ። የፋብሪካ ስሙን አንብቦ የጨረሰው ሰው የለም። ገበያው ራሱ ስም አወጣለትና «ደቦ» አለው፤ ሲጮህ ለደቦ የወጣው አጫጅ ሁሉ ቀና ይላላ! ከራሴ ኪስ ገዛሁት። አንጠለጠልኩት፣ ጣልኩት፣ አቧራ ውስጥ አሳደርኩት፣ በቀን በቀን አወራሁበት። የሚቀጥለው ገበያ ሲደርስ ባትሪው ላይ አሁንም መስመር ነበረበት። የዚያን ዕለት ስቱዲዮ ውስጥ የሆንኩትን ብታዩ ታፍሩብኝ ነበር።

«ከገበያ እስከ ገበያ ደርሷል!» ብዬ ጮህኩ። «ደርሶም ተርፎታል! አድማጮቼ፣ ይህንን ስልክ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ግዙት!»

የድምፅ ቴክኒሻናችን ጥላዬ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ «ድምፅሽን ቀንሺ» እያለ እጁን ያወርዳል። ማን ይቀንስለታል!

ከዚያ በኋላ አገሩ ደቦ በደቦ ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል። ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይበራል። እኔ ያልኩት ነው እኮ፣ በእኔ ቃል ነው እኮ የተገዛው!

ወር እንኳ ሳይሞላ አንድ ገበሬና ሚስቱ ጣቢያው ድረስ መጡ። ሰውዬው ጋቢ ደርቦ ዱላውን ይዟል። ሚስቲቱ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ በእጇ ጨብጣለች። ከአንበሳሜ አካባቢ ነን አሉ፤ እሱ ፈንታሁን፣ እሷ ጌጤ። ለምስጋና የመጡ መስሎኝ ጥርሴን ገልጬ ወንበር አቀረብኩ፣ ሻይ አዘዝኩ።

«ያች በሬዲዮ የምትናገር አንቺ ነሽ፣ ልጄ?» አሉኝ አያ ፈንታሁን።

«እኔ ነኝ አባቴ!»

«እውነትም ድምጥሽ ነው» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ ጌጤ ቋጠሮውን ፈትተው ደቦውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሞታለች» አሉ አያ ፈንታሁን። «ከሐሙሲት ገበያ ሞልተን አምጥተናት ማግስቱን ሞተች። ደግመን ሞላናት። ደግማ ሞተች።»

«አይዟችሁ፣ የሸጠላችሁ ሰው ጋ መልሷት፤ ይቀይርላችኋል» አልኩ።

«ሻጩማ የትም አይሄድ። ኢልያስ ነው፣ ሱቁን እናውቀዋለን። እኛ የመጣን ዋሳችን ዘንድ ነው።»

«ዋሳችሁ ማነው?»

ሁለቱም እኔኑ አዩኝ።

የከብት ገበያ ወግ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ገዢው በሬውን አያውቀውም። በሬውን የሚያውቅ ሰው ብቅ ይልና ሰው በተሰበሰበበት «ያርሳል፣ አይዋጋም፣ ግዛው» ይላል። ገዢው በዚያ ቃል ይገዛል። በሬው እርሻ መሀል ከተኛ ገዢው መጀመሪያ የሚሄደው ሻጩ ዘንድ አይደለም፣ ያ የመሰከረው ሰው ዘንድ ነው። «ዋስ ነኝ ብለህ ፈርመሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሰው ፊት መናገሩ ይበቃል። እኔ በዚሁ አገር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ወግ አሳምሬ አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ እኔው ራሴ እንደማደርገው ግን አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሞገስ ከጎን ካለው ቢሮ ሰምተው ነው መሰል በሩን ከፍተው ገቡ። ነገር ባሸተቱ ቁጥር የሚሏት አንዲት ቃል አለቻቸው፤ እሷኑ አሏት።

«ጣቢያው የለበትም!»

«ጣቢያውን ማን ጠየቀ፣ ጌታዬ» አሉ አያ ፈንታሁን በትሕትና። «ልጅቱን ነው።»

እትዬ ጌጤ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጃችን ውዴ መተማ ናት» አሉኝ። «እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውል ነበር፣ በጎረቤት ስልክ። በሰው ስልክ ደግሞ የልብ አይወራ፤ ቆመው ይሰሙሻላ። ደቦን የገዛን ለዚያ ነው። እሑድ ስትደውል ደቦ ሞታ ነበር። ምን ሆነው ይሆን ብላ እያለቀሰች ለጎረቤት ደወለች።»

አያ ፈንታሁን ተነሡ። የገበያው ዕለት ሐሙሲት የከብቱ ገበያ ዳር ሽማግሎች እንደሚቀመጡ፣ እኔም እንደተጠራሁ ነገሩኝና «በይ ልጄ፣ እግዜር ይባርክሽ፣ ያሳድግሽ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ከስሶ የሚመርቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አየሁ።

አቶ ሞገስ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ሄደሽ ዋስ ነኝ ካልሽ» አሉ፣ «በማግስቱ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ የተበላሸ ሬዲዮውንና የሞተ የእጅ ባትሪውን ተሸክሞ እዚህ በር ላይ ይሰለፋል። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ትሄጃለሽ። በቀጥታ ስርጭት እናስገባሻለን። ሕዝቡ እየሰማ ‹እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ዋስ አይደለሁም› ትያለሽ። ካላልሽ ‹እስኪ እንየው› የሚባል ፕሮግራም የለም። በቃ።» ለቀጥታ ስርጭቱ ለጥላዬ ሊነግሩት ስልካቸውን አንሥተው መደወል ጀመሩ። ሁለት ቃል ሳይናገሩ መስመሩ ተቋረጠ። «ይኼ ኔትወርክ ደግሞ!» ብለው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ደቦ ነበር።

«እርስዎም ገዙ እንዴ?» አልኩ።

«የጣቢያ ኃላፊ ስልክ አይያዝ ተባለ?» አሉና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

እስከ ገበያው ቀን ድረስ እንቅልፍም ምግብም እንደነገሩ ሆነብኝ። ፕሮግራሙን እወደዋለሁ። ከእሱ ሌላ የምችለውም የምመኘውም ነገር አልነበረኝም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዬ ማትረፍ እችላለሁ፤ «ዋስ አይደለሁም»። መንገድ ላይ ስሄድ ለራሴ እለማመዳት ነበር። ደግሞ እውነት ለመናገር ከፍርሃቱ ጋር አንድ የሚያቁነጠንጥ ደስታ አብሮኝ ነበር። በዚህ አገር አንድ ስልክ እንደ በሬ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ሲዳኝ የሰማ ማን አለ? ይህን ሌላ ጋዜጠኛ እንዲዘግበው አልፈቅድም!

የራሴን ደቦ ባለፈው ገበያ ሞልቼ ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ሳልሞላው ይዤው ሄድኩ። ማስረጃዬም ማሰራጫዬም እሱ ነው። በእሱ ለጥላዬ እደውላለሁ፣ ጥላዬ ድምፄን ወደ አየር ይለቀዋል። ሚኒባሱ ወረታን አልፎ የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ ባትሪውን አየሁት። አንድ መስመር ቀርቶታል።

ሐሙሲት ገበያው ሞልቷል። የከብቱ አቧራ ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ደላሎች ይጮሃሉ፣ ሚኒባሶች ጥሩምባ ይነፋሉ። ከበረቱ አጥር ዳር ሦስት ሽማግሎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የመሀከለኛው አያ ሙላቴ ናቸው፤ የዚህን ገበያ የከብት ክርክር ሲዳኙ ያረጁ ሰው። ትንሽ ሬዲዮ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አያ ፈንታሁንና እትዬ ጌጤ በአንድ በኩል፣ ሻጩ ኢልያስ ካርቶኑን ታቅፎ በሌላ በኩል ቆመዋል። ዙሪያውን ሕዝብ ነው። በሬውን ጥሎ የመጣም ነበር፣ በሬውን ይዞ የመጣም።

ደወልኩ። ጥላዬ «ገብተሻል፣ ተናገሪ» አለኝ። «አድማጮቼ፣ ሐሙሲት ነኝ!» ከማለቴ የአያ ሙላቴ ሬዲዮ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ። በሬዎቹ ሁሉ ደነበሩ።

«አያ ሙላቴ፣ እባክዎ ሬዲዮውን ይዝጉት፣ ከስልኬ ጋር እየተጋጨ ነው» አልኩ።

«አልዘጋም» አሉ። «የተናገርሽ በሬዲዮ ነው፤ የምሰማሽም በሬዲዮ ነው። አንቺ ራቅ በይ።»

ራቅ አልኩ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

«ስለዚህች ስልክ ተናግረሻል?» ብለው ጀመሩ።

«ተናግሬያለሁ።»

«በሰው ፊት?»

እኔ ሳልመልስ ገበያው «ሰምተናል!» ብሎ በአንድ ድምፅ መለሰላቸው። አንዱማ ከአጥሩ ላይ ሆኖ «ደርሶም ተርፎታል!» ብሎ እኔን አስመሰለኝ። ሳቁ እስኪያበቃ አያ ሙላቴ ጠበቁ።

«እንግዲህ ሁለተኛው ነገር» አሉ። «የመሰከርሽላት ይህችው ናት ወይስ ሌላ ናት? በበሬም ቢሆን ይህ ይጠየቃል።»

«ልያት» አልኩ።

የእትዬ ጌጤን ደቦ ተቀበልኩ። መልኩ፣ ቁልፉ፣ ቀለሙ ከእኔው ጋር አንድ ነው። ጀርባውን ከፈትኩና ባትሪውን አወጣሁት። ቀለለኝ። ስንት ቀን የእኔውን እያወጣሁ እያስገባሁ እጄ ክብደቱን ለምዶታል፤ ይኼኛው ቀለለኝ! ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት።

ቀጭ ቀጭ አለ።

ደሜ ሞቀ። የባትሪ ሆድ ድፍን ነው፣ የሚንኳኳ ነገር የለውም። ወደ ስልኬ አፍ አስጠጋሁና ለአገር ሁሉ ነቀነቅኩት። ከአያ ሙላቴ ደረት ላይ ሬዲዮው «ቀጭ ቀጭ» ብሎ መለሰ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ አያ ሙላቴ።

«እናየዋለን። ቢላዋ የያዘ አለ?»

ዙሪያውን የቢላዋ መዓት ተዘረጋልኝ። የአንዱን ተቀበልኩና የባትሪውን ልባስ ቀስ ብዬ በጠርዙ ገፈፍኩት። ውስጡ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ትንሽ ባትሪ ተቀምጣለች። የቀረው ቦታ በሙጫ የተለጠፈ አሸዋ ነው፣ ሙጫው ለቆት እየተንኳኳ። አያ ሙላቴ መዳፋቸውን ዘረጉ። አሸዋውን መዳፋቸው ላይ አራገፍኩት።

«አሸዋ ነው!» ብዬ ጮህኩ ወደ ስልኩ። «አድማጮቼ፣ የባትሪው ሆድ አሸዋ ነው! ያላችሁበት ቦታ ሆናችሁ ባትሪያችሁን አውጡና ጆሯችሁ ላይ ነቅንቁት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሐሙሲት ገበያ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ፣ ጤፍ ሻጩ፣ ደላላው፣ የሚኒባስ ረዳቱ፣ ሁሉም ባትሪውን አውጥቶ ጆሮው ላይ እየነቀነቀ ቆመ። ከወዲያ «የእኔ ደኅና ናት!» ይላል። ከወዲህ «ወይኔ፣ የእኔ ትንኳኳለች!» ይላል። ሰፍሳፋው ደግሞ የሌላ ስልክ ባትሪ ይዞ መጥቶ «ይችንስ ስሚልኝ» ይለኛል። ኢልያስ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጦ አንድ በአንድ ነቀነቃቸው። ሁሉም ተንኳኩ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወላሂ አላወቅሁም!» አለ። «መጀመሪያ ያመጣሁት ደኅና ነበር። ይኼኛው ከባሕር ዳር በካርቶኑ የመጣልኝ ነው። እኔ ራሴ የታመነ ስሜን ይዤ እዚህ ገበያ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሸዋ ልሽጥ?» እንባው መጥቶበት ነበር። «ሁሉንም እመልሳለሁ። ለሚቀጥለው ገበያ ደኅናውን ለእያንዳንዳችሁ እተካለሁ፤ ይህን ያህል ሰው እየሰማ ተናገርኩ።»

ሦስቱ ሽማግሎች ግንባር ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ አያ ሙላቴ ቀና አሉ።

«በሬው ሌላ ነው» አሉ። «ልጅቱ የመሰከረችለት ደኅናው ነው፤ የተሸጠው ሌላ ነው። ኢልያስ ይተካ። ልጅቱ ነጻ ናት።»

ሰው አጨበጨበ፣ አንዲት ሴት እልል አለች። ልዘል ምንም አልቀረኝ። ጥላዬ በስልኩ ውስጥ «ትዝታ፣ አቶ ሞገስ አጠገቤ ናቸው፣ ‹አሁን ትበለው› ይላሉ። ዋስ አይደለሁም በይና ዝጊው» አለኝ። ባትሪዬን አየሁ። የመጨረሻዋ መስመር ብልጭ ድርግም ማለት ጀምራለች። አፌን ከፈትኩ።

«ልጄ» አሉ እትዬ ጌጤ።

የተቆጡ አይመስሉም። ባዶዋን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እኔ ስልክ አላውቅ» አሉ። «ሱቁ ስገባ አላየኋትም እንኳ። ደቦ ስጠኝ አልሁት እንጂ ይህችን ስጠኝ መች አልሁ? እኔ አንቺን ነው የገዛሁ።» ደግሞም ጨመሩ፤ «የሚቀጥለው ገበያ ከእሑድ ወዲያ ነው። ውዴ እሑድ ትደውላለች።»

የተለማመድኳትን ዓረፍተ ነገር ሳልናገራት አፌን ዘጋሁ። አፈርኩ። ነጻ ናት ተባልኩ፣ እሺ፣ ግን ከምን ነው ነጻ የወጣሁት? በየሳምንቱ «ግዙት» ስል ከቃሉ ኋላ የሚቆም ሰው ከሌለ እኔም ጩኸት ነኝ፣ አሸዋ የተሞላ ባትሪ ነኝ። ፕሮግራሜን ልጣ ወይስ ፕሮግራሜ የቆመበትን ቃል ልጣ?

«አያ ሙላቴ» አልኩ፣ «ነጻ መውጣቱ ይቅርብኝ። ዋስ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ጥላዬ «ኧረ በሕግ!» ሲል ሰማሁት። ከኋላው የአቶ ሞገስ ድምፅ ይመጣል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይለይም።

አያ ሙላቴ በዝግታ አዩኝ። «ዋስ ከሆንሽ መያዣ ታስይዣለሽ» አሉ። «ኢልያስ እስኪተካ ድረስ ምን ታስይዣለሽ?»

ቦርሳዬን ዳበስኩ። መቅረጸ ድምፁ የጣቢያው ነው። የእኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ጆሮዬ ላይ ነው። ሳቄ መጣ። ሳቅም እንባም ሆነብኝ።

«አድማጮቼ» አልኩ፣ «ስሙኝ። ይህ የምናገርበት ስልክ ባለፈው ገበያ የተሞላ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬው ገበያ ደርሷል። ያልኳችሁ እውነት ነው። አሁን ባትሪውን አውጥቼ ለእትዬ ጌጤ በመያዣነት እሰጣለሁ፣ ስለዚህ ድምፄ ይጠፋል። ግዙት ብያችሁ የገዛችሁ፣ ባትሪያችሁ የሚንኳኳባችሁ ሁሉ፣ ወደ እኔ ኑ። ዋሳችሁ ነኝ።»

ነቀልኩት።

የአያ ሙላቴ ሬዲዮ «ሺሺሺ» ብሎ ዝም አለ። እሳቸው የተበላሸ መስሏቸው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ባትሪውን የእትዬ ጌጤ ስልክ ውስጥ ከትቼ የማብሪያውን ቁልፍ ስጫን ደቦው ያን መንደር የሚያነቃ ዜማውን ለቀቀው። የከብት ገበያው በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። ኢልያስ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ባትሪ ለማስሞላት ከተሰለፉት ሁሉ አስቀድሞ ሊሞላላቸው ወደ ሱቁ ሮጠ። እትዬ ጌጤ አንገቴን ይዘው ጉንጬን ሳሙኝ። አያ ፈንታሁን ግን «መቼስ በሬ ቢሆን ኖሮ እግሩን ቆርጠሽ ነበር የምትሰጭን» ብለው ቀለዱብኝ።

የመልሱ ሚኒባስ ውስጥ ባትሪ የሌለው ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የትም መደወል፣ ማንንም መጠየቅ አልችልም። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ስለ አሸዋው ያወራሉ፣ እኔ መሆኔን አላወቁም። አንዱ «ልጅቱን ያባርሯታል» ይላል፣ ሌላው «ካባረሯት ሬዲዮዬን እሸጣለሁ» ይላል። ሥራዬ ይኑር አይኑር ሳላውቅ ደብረ ታቦር ደረስኩ።

ከጣቢያው በር ጀምሮ ሰልፍ ነበር። ስልክ የያዘ አለ፣ ሬዲዮ ያቀፈ አለ፣ የእጅ ባትሪ የያዘ አለ። አንዱ ካውያ ይዟል፤ ስለ ካውያ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም! አቶ ሞገስ ያሉት አንድ በአንድ ደርሷል፣ በማግስቱ ያሉት በዚያው ቀን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ጥላዬ በሩ ላይ ቆሟል። በአገጩ ወደ ቢሮው አመለከተኝ።

አቶ ሞገስ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኮቱ ሰልፉን ያያሉ። «ዝጊው በሩን» አሉ። ዘጋሁት።

ዞሩና መሳቢያቸውን ከፈቱ። ደቦአቸውን አወጡ። ጀርባውን ከፈቱ፣ ባትሪውን አወጡ፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዓይኔን እያዩ ነቀነቁት።

ቀጭ ቀጭ።

«በይ እስቲ፣ ዋሴ» አሉኝ፣ «እኔ ከሰልፉ ስንተኛ ነኝ?»